በእጅ ለሚያዝ ክብ መጋዝ መሪ ሀዲድ በወርክሾፕ ውስጥ መሥራትና መጠቀም

መግቢያ

በአነስተኛ የእንጨት ሥራ ወርክሾፖች፣ በግንባታ ሥፍራዎችና በመኖሪያ ቤቶች ሰፋፊ ሳንቃዎችን ለመቁረጥ በብዛት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በእጅ የሚያዝ ክብ መጋዝ ነው፤ በተለምዶም ሰርኩላር ሶ ይባላል። ኮምፔንሳቶ፣ ችፕውድና ኤምዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ለገበያ የሚቀርቡት 122 ሴንቲ ሜትር በ244 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሳንቃዎች ነው። እንዲህ ያለውን ከባድ ሳንቃ አንድ ሰው ብቻውን በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ገፍቶ በትክክል መቁረጥ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሳንቃውን በአንድ ቦታ አስቀምጦ መጋዙን በላዩ ላይ ማንቀሳቀስ የተሻለ አማራጭ ይሆናል።

ይሁን እንጂ መጋዙ በእጅ ብቻ ተይዞ በእርሳስ መሥመር ላይ ሲነዳ መስመሩን ይስታል። ይህም ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው የንብረት ጉዳት ነው፤ ተጣምሞ የተቆረጠ ሳንቃ ለቁም ሣጥን በርም ሆነ ለኩሽና ካቢኔት ስለማይገጥም ይባክናል። ሁለተኛውና የከፋው የአካል ጉዳት ነው፤ ሠራተኛው የሳተውን መጋዝ ወደ መስመሩ ለመመለስ ሲያጣምም ዲስኩ በእንጨቱ ውስጥ ይነክሳል፣ መጋዙም በድንገት ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ሠራተኛውን ሊቆርጠው ይችላል።

ሁለቱንም ጉዳቶች ለመቀነስ የሚረዳ ቀላል መሣሪያ መሪ ሀዲድ ነው። መሪ ሀዲድ ከወርክሾፕ ትራፊ ሳንቃ በግማሽ ቀን ሊሠራ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሀዲዱን አሠራር፣ አጠቃቀም፣ የጥንቃቄ እርምጃዎችንና ከሥራው ጋር የተያያዙ መብቶችንና ግዴታዎችን ይገልጻል።

1. የመሪ ሀዲድ ምንነት

መሪ ሀዲድ ሁለት ክፍሎች አሉት።

ሀ) መደብ፦ መጋዙ የሚንሸራተትበት ስስና ሰፊ ሳንቃ ነው።

ለ) መሪ ዘንግ፦ በመደቡ ላይ በቋሚነት የሚጣበቅ፣ ጠርዙ ፍጹም ቀጥ ያለ ጠባብ ሳንቃ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦላሬ ነው። የመጋዙ የብረት መቀመጫ ጎን ይህን ጠርዝ ተደግፎ ይጓዛል።

የመሣሪያው ዋና ምሥጢር መደቡ የመጨረሻ ስፋቱን የሚያገኘው በራሱ በመጋዙ መሆኑ ነው። መደቡ መጀመሪያ ትርፍ ስፋት ተጨምሮለት ይሠራል። ከዚያም መጋዙ መሪ ዘንጉን ተደግፎ አንድ ጊዜ ሲነዳ ትርፉን ቆርጦ ይጥላል። ከዚያ በኋላ የመደቡ ጠርዝ ዲስኩ የሚያልፍበት ትክክለኛ መስመር ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው በእያንዳንዱ ቁርጥ ከመቀመጫው እስከ ዲስኩ ያለውን ርቀት መለካትና መደመር አያስፈልገውም፤ የመደቡን ጠርዝ በእርሳስ መስመሩ ላይ ማሳረፍ ይበቃዋል።

ከዚሁ የተነሣ አንድ ሀዲድ የሚያገለግለው ለተሠራበት መጋዝና ለተሠራበት የዲስክ ውፍረት ብቻ ነው።

2. አስፈላጊ ቁሳቁሶች

የሚከተሉት መጠኖች የ122 ሴንቲ ሜትር ቁርጥ ለመቁረጥ ለሚያገለግል ሀዲድ የተዘጋጁ ናቸው። ሀዲዱ በሁለቱም ጫፍ ከሚቆረጠው ሳንቃ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መትረፍ ይኖርበታል። ይህ ትርፍ መጋዙ እንጨቱን ከመንካቱ በፊትና ከጨረሰ በኋላ ሙሉ በሙሉ ተደግፎ እንዲቆም ያስችላል።

• ለመደብ፦ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 152 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ፤
• ለመሪ ዘንግ፦ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 152 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ፤
• የእንጨት ኮላ፤
• 16 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ የሆነ የእንጨት ቪቴዎች፤
• የብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽና ሻማ።

ከመሣሪያዎች ደግሞ ክብ መጋዝ፣ ትራፓኖ፣ ሜትር፣ ስኳድራ፣ በደንብ የተቀረጸ እርሳስና ቢያንስ አራት ሞርሳዎች ያስፈልጋሉ።

የመደቡ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት የተገኘው በሚከተለው ስሌት ነው፦ ከመሪ ዘንጉ በስተኋላ ለሞርሳ ማሰሪያ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ለመሪ ዘንጉ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ከመጋዙ መቀመጫ ጎን እስከ ዲስኩ 13 ሴንቲ ሜትር እና ተቆርጦ ለሚጣለው ትርፍ 2 ሴንቲ ሜትር። ከመቀመጫው እስከ ዲስኩ ያለው ርቀት ከመጋዝ መጋዝ ስለሚለያይ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጋዙን ከሶኬት ነቅሎ መለካትና ስሌቱን ማስተካከል ይገባል።

3. የመሪ ዘንጉ ጠርዝ ቀጥ ማለቱን ማረጋገጥ

የሀዲዱ ትክክለኛነት በመሪ ዘንጉ ጠርዝ ላይ የተመሠረተ ነው። ዘንጉ ከተጣመመ በእርሱ የሚቆረጥ ማንኛውም እንጨት በዚያው ልክ ይጣመማል። ስለዚህ ዘንጉ ከአዲስ ሳንቃ ዳር ተቆርጦ ቢወጣና ከፋብሪካ የመጣው ያልተነካ ጠርዝ መጋዙ የሚደገፍበት ጎን ቢሆን ይመረጣል። በወርክሾፕ ውስጥ በእጅ የተቆረጠው ጎን ወደ ኋላ ይዞራል።

ጠርዙን ለመፈተሽ የሚከተለው ዘዴ ያገለግላል። ዘንጉ በሰፊ ሳንቃ ላይ ይቀመጥና በጠርዙ ርዝመት ሙሉ ቀጭን የእርሳስ መስመር ይሰመራል። ቀጥሎ የታችኛው ገጹ ወደ ላይ እንዲሆን ተገልብጦ ያው ጠርዝ ከመስመሩ ሁለት ጫፎች ጋር ይገጠምና ሁለተኛ መስመር ይሰመራል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ከሆኑ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። በመካከላቸው ክፍተት ከታየ የክፍተቱ ግማሽ የጠርዙ ጉድለት ነው። ለምሳሌ በመሐል የ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢገኝ ጠርዙ በ1 ሚሊ ሜትር ተጣሟል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ዘንግ በሌላ መተካት ያስፈልጋል።

4. የአሠራር ቅደም ተከተል

4.1 የሞተሩን ከፍታ መለካት። የመጋዙ ሞተር ከመቀመጫው ሰፊ ጎን በላይ ወጣ ብሎ ይገኛል። ሀዲዱ ላይ የሚያርፈውም ይኸው ሰፊ ጎን በመሆኑ፣ ሞተሩ በመሪ ዘንጉ ላይ ሳይነካ ማለፍ አለበት። ዲስኩ ወደ ታች በወረደ መጠን ሞተሩም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ መጋዙ ከሶኬት ተነቅሎ ዲስኩ ለሥራው በሚያስፈልገው ጥልቀት ላይ ከተስተካከለ በኋላ፣ ከመቀመጫው የታችኛው ገጽ እስከ ሞተሩ የታችኛው ክፍል ያለው ከፍታ ይለካል። ይህ ከፍታ ከመሪ ዘንጉ ውፍረት መብለጥ ይኖርበታል።

4.2 የዘንጉን ቦታ ምልክት ማድረግ። በመደቡ ላይ ከኋላ ጠርዙ 7 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ በሁለቱም ጫፍ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቶቹም በመስመር ይገናኛሉ። የዘንጉ የኋላ ጎን በዚህ መስመር ላይ ያርፋል።

4.3 ማጣበቅ። በዘንጉ የታችኛው ገጽ ላይ ስስ ኮላ ይቀባል። ዘንጉ በቦታው ከተቀመጠ በኋላ በሞርሳ ይያዛል። በዘንጉና በመደቡ መጋጠሚያ በኩል የሚወጣ ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት። በዚያ ጥግ የደረቀ ኮላ መጋዙን ከዘንጉ ስለሚያርቅ ቁርጡን ያበላሻል።

4.4 በቪቴ ማጠናከር። ሀዲዱ ይገለበጥና በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በመደቡ በኩል ቀጭን ቀዳዳ ይበሳል፤ የቪቴው ጭንቅላት የሚገባበትም ሰፋ ተደርጎ ይቦረቦራል። 6 ሚሊ ሜትሩ መደብና 12 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ በድምሩ 18 ሚሊ ሜትር ስለሚሆኑ 16 ሚሊ ሜትር ቪቴ ወደ ላይኛው ገጽ አይወጣም። የቪቴዎቹ ጭንቅላት ከመደቡ ገጽ በታች መስጠም ይኖርበታል፤ ካልሰጠመ የሚቆረጠውን ሳንቃ ይጭራል።

4.5 ማድረቅ። ኮላው ሙሉ በሙሉ እንዲይዝ ሀዲዱ በደልዳላ ቦታ ላይ ተኝቶ እንዲያድር ይደረጋል። ጎባጣ ቦታ ላይ የደረቀ ሀዲድ ጎባጣ ሆኖ ይቀራል።

4.6 ትርፉን መቁረጥ። ሀዲዱ በማይፈለግ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ በሞርሳ ይታሰራል። ዲስኩ ከመቀመጫው ጋር 90 ዲግሪ መሥራቱ በስኳድራ ይረጋገጣል። ጥልቀቱ ዲስኩ ከመደቡ በታች 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንዲወጣ ይስተካከላል። ከዚያም መጋዙ ወደ መሪ ዘንጉ በቀላሉ እየተገፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይነዳል። መካከል ላይ ቆሞ እንደገና መጀመር በጠርዙ ላይ ጉድፍ ሊተው ይችላል።

4.7 ማጠናቀቅ። የመደቡ ላይኛው ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲያገኘው ስለሚያብጥ ቫርኒሽ መቀባቱ ዕድሜውን ያራዝማል። ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ መጋዙ የሚንሸራተትበት ገጽ በሻማ ይታሻል። በመጨረሻም ሀዲዱ ለየትኛው መጋዝና ለየትኛው ዲስክ እንደተሠራ በማይጠፋ ቀለም ይጻፍበታል።

5. ለ244 ሴንቲ ሜትር ቁርጥ የሚሆን ረጅም ሀዲድ

ሳንቃን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ 274 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሀዲድ ያስፈልጋል። አንድ ሳንቃ ይህን ያህል ርዝመት ስለሌለው መደቡ ከሁለት ቁራጮች ይቀጠላል። መሪ ዘንጉ ግን ከአንድ ወጥ የአሉሚኒየም ቱቦላሬ ቢሆን ይመረጣል፤ ያልተቀጠለ ዘንግ የመደቡን መጋጠሚያ አሳልፎ ስለሚይዝ ሀዲዱ በመሐል አይታጠፍም።

ለምሳሌ 20 ሚሊ ሜትር በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በሰፊ ጎኑ ቢተኛ ከፍታው 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ከ12 ሚሊ ሜትሩ የእንጨት ዘንግ ስለሚበልጥ የሞተሩ ከፍታ እንደገና መለካት አለበት። የእንጨት ኮላ አሉሚኒየምን በሚገባ ስለማይዝ ቱቦላሬው ከመደቡ በታች በሚገቡ ቪቴዎች ይታሰራል። ቱቦላሬ ሲገዛ በአንድ ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልክቶ ያልተጣመመውን መምረጥ ይገባል።

6. በሀዲዱ መቁረጥ

6.1 የሳንቃው አቀማመጥ። ሳንቃው ቢያንስ በአራት ደልዳላ ጣውላዎች ላይ ይተኛል፤ ሁለቱ ጣውላዎች ከቁርጡ መስመር በአንድ ወገን፣ ሁለቱ ደግሞ በሌላው ወገን ይሆናሉ። ጣውላዎቹ በመሬት ወይም በጠንካራ ካቫሌቶ ላይ ሊደረደሩ ይችላሉ። ሳንቃው በሁለት ጫፎቹ ብቻ ተደግፎ በመሐል ከተቆረጠ ወደ ታች ይጎብጥና ዲስኩን ይነክሳል፤ መጋዝ ወደ ኋላ ከሚፈናጠርባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

6.2 ልኬት። መለኪያው በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ ይደረጋል፤ ሀዲዱም በሁለቱ ምልክቶች ላይ ያርፋል። ቁርጡ ከሳንቃው ጠርዝ ጋር ትክክለኛ ማዕዘን እንዲሠራ ከተፈለገ፣ በአንዱ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር በሌላው ጎን 80 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ይረጋገጣል።

6.3 ሀዲዱን ማሰር። ለሥራው የሚፈለገው ቁራጭ ከሀዲዱ ሥር ይሆናል፤ ዲስኩ የሚበላው ከሚጣለው ወይም ከሚቀረው ወገን ነው። ሀዲዱ በሁለቱም ጫፍ በሞርሳ ይታሰራል። ሞርሳዎቹ ከመሪ ዘንጉ በስተኋላ ባለው 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ይሆናሉ። መጋዙ ሳይነሣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በባዶ ተገፍቶ ሞተሩ ከሞርሳ ጋር እንደማይጋጭ መታየት አለበት።

6.4 ጥልቀት። ለ18 ሚሊ ሜትር ሳንቃ የዲስኩ ጥልቀት 6 ሚሊ ሜትር ለመደቡ፣ 18 ሚሊ ሜትር ለሳንቃው እና 5 ሚሊ ሜትር ለትርፍ በድምሩ 29 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዲስኩን ከዚህ በላይ ማውረድ ቁርጡን አያሻሽልም፤ ከሳንቃው በታች የሚታየውን አደገኛ ክፍል ግን ይጨምራል።

6.5 ዲስኩ የሚበላውን ማስላት። የዲስክ ጥርስ በእያንዳንዱ ቁርጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። ለምሳሌ 244 ሴንቲ ሜትር ሳንቃን አራት እኩል ቦታ ለመክፈል ሦስት ቁርጥ ያስፈልጋል። ዲስኩ በአንድ ቁርጥ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢበላ በድምሩ 7.5 ሚሊ ሜትር ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ 61 ሴንቲ ሜትር ሳይሆን 60.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ሳያሰሉ አራቱንም ቁራጮች በአንድ ጊዜ ምልክት ማድረግ የመጨረሻው ቁራጭ እንዲያንስ ያደርጋል። ትክክለኛው አሠራር አንዱን ቆርጦ ቀጣዩን ከአዲሱ ጠርዝ መለካት ነው።

6.6 የሳንቃው ገጽ እንዳይሸራረፍ። የክብ መጋዝ ጥርስ እንጨቱን የሚቆርጠው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ መሸራረፍ በብዛት የሚታየው በላይኛው ገጽ ነው። በመሆኑም የሚታየው ገጽ ወደ ታች መደረግ ይኖርበታል። የመደቡ ጠርዝ በሀዲዱ በኩል ያለውን ገጽ ተጭኖ ስለሚይዝ በዚያ በኩል መሸራረፉ ይቀንሳል። ለፎርማይካና ለመሰል ልባስ ሳንቃዎች በመስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር መለጠፍና 40 ወይም ከዚያ በላይ ጥርስ ያለው ዲስክ መጠቀም ይረዳል። 24 ጥርስ ያለው ዲስክ ለጣውላ ፈጣን ቢሆንም ልባስ ያለውን ሳንቃ ይሸራርፋል።

6.7 ጠርዙ ያልተስተካከለ ጣውላ። የዋንዛ፣ የጽድና የባሕር ዛፍ ጣውላዎች ጠርዛቸው ተጣሞ ሊገኝ ይችላል። ሀዲዱ በጣውላው ላይ ታስሮ ከጠማማው ወገን ጥቂት ሲቆረጥ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይገኛል። የመደቡ ውፍረት ከመጋዙ የመቁረጥ አቅም 6 ሚሊ ሜትር እንደሚቀንስ ግን መዘንጋት የለበትም፤ 65 ሚሊ ሜትር የሚቆርጥ መጋዝ በሀዲድ ላይ 59 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቆርጣል።

7. የደኅንነት ጥንቃቄዎች

መሪ ሀዲድ መጋዙን ቀጥ ያደርጋል እንጂ የመጋዙን መከለያ አይተካም። የሚከተሉት ጥንቃቄዎች በማንኛውም ጊዜ መከበር አለባቸው።

• የዲስኩ ተንቀሳቃሽ መከለያ በሽቦ፣ በገመድ ወይም በእንጨት ቁራጭ ተከፍቶ መታሰር የለበትም። ሰጋቱራ ሞልቶት በራሱ የማይዘጋ መከለያ ከመጸዳቱ በፊት ሥራ አይጀመርም።
• ዲስክ በሚቀየርበት፣ ጥልቀት በሚስተካከልበትና መጋዙ በሚጸዳበት ጊዜ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል።
• መጋዙ በሁለት እጅ ይያዛል። ሳንቃውን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መቁረጥ አይገባም፤ ሞርሳው የሚታሰረውም ለዚሁ ነው።
• ሠራተኛው ከመጋዙ ቀጥታ መስመር ጎን ለጎን ይቆማል፤ በቀጥታ ከኋላው አይቆምም።
• ዲስኩ እንጨት ውስጥ ቢነክስ ማስነሻው ይለቀቃል፤ መጋዙም ዲስኩ ፈጽሞ እስኪቆም ከቦታው አይነሣም። እየዞረ ያለ ዲስክን ወደ ኋላ መጎተት አደጋ ያስከትላል።
• የኤሌክትሪክ ኃይል በቁርጥ መካከል ከተቋረጠ ማስነሻው ወዲያውኑ ይለቀቃል፣ ገመዱም ይነቀላል። ይህ ካልተደረገ ኃይሉ በተመለሰ ቅጽበት መጋዙ በራሱ ሊነሣ ይችላል።
• የኤሌክትሪክ ገመዱ ከቁርጡ በስተኋላ ይደረጋል፤ በሀዲዱ ጫፍ እንዳይያዝም አስቀድሞ ይታያል። ማራዘሚያ ገመድ ተጠቅልሎ እንዳለ ሥራ ላይ ከዋለ ስለሚሞቅ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት።
• የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይደረጋል። በተለይ የኤምዲኤፍ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መከናወን አለበት።
• ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ሐብልና ያልታሰረ ረጅም ፀጉር በሚዞር ዲስክ አጠገብ አይፈቀዱም። ሰፊ የጨርቅ ጓንትም በዲስኩ ሊያዝ ስለሚችል በመቁረጥ ጊዜ አይደረግም።
• የእንጨት መጋዝ ዲስክን በግራይንደር ላይ መግጠም ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ያህል ሊዞር ሲችል፣ ክብ መጋዝ የሚዞረው በአብዛኛው በ5,000 አካባቢ ነው። በዚህ ላይ ግራይንደር ለእንጨት ዲስክ የሚሆን መከለያም ሆነ መቀመጫ የለውም።

8. አደጋ ቢደርስ

መጀመሪያ መጋዙ ከሶኬት ይነቀላል። ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ በኃይል ተጭኖ ይያዛል፤ የተጎዳውም እጅ ከልብ በላይ ከፍ ይደረጋል። ጨርቁ በደም ከራሰ ሳይነሣ በላዩ ሌላ ይደረባል። በቁስሉ ላይ ቡና፣ አፈር ወይም ሰጋቱራ መነስነስ ለኢንፌክሽን ስለሚያጋልጥ መቅረት አለበት።

ጣት ከተቆረጠ የተቆረጠው ክፍል በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ በውኃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል፤ ፕላስቲኩም በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ሌላ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ከተጎጂው ጋር ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። የተቆረጠው ክፍል በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት በ939 ይጠራል።

9. የአሠሪና የሠራተኛ መብትና ግዴታ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት አሠሪ የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ይህም ሠራተኞች ስለሚሠሩበት መሣሪያ አደጋና ስለ ጥንቃቄው ተገቢውን መመሪያ እንዲያገኙ ማድረግን፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችን ማቅረብንና በሥራ ላይ የሚደርሱ አደጋዎችን መዝግቦ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅን ይጨምራል።

በአንቀጽ 93 መሠረት ሠራተኛውም የተሰጡትን የመከላከያ መሣሪያዎች በአግባቡ የመጠቀምና አደጋ ሊያደርስ የሚችል ጉድለት ሲያይ ለአሠሪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የአደጋ መከላከያን ያለ ፈቃድ ማንሣት ወይም ማበላሸት በአንቀጽ 94 ከተከለከሉ ድርጊቶች መካከል ነው። ስለዚህ የመጋዝን መከለያ አንሥቶ መሥራት የአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሕግ ጥሰትም ነው።

ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር በአዋጁ የተከለከለ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞችንም ሕይወታቸውን ወይም ጤንነታቸውን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቀድም።

10. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አንድ ሀዲድ ለሁለት መጋዞች ሊያገለግል ይችላል?
መልስ፦ አይችልም። ከመቀመጫው እስከ ዲስኩ ያለው ርቀት በሁለቱ መጋዞች ስለሚለያይ፣ አንደኛው መደቡን ሊሸርፍ፣ ሌላው ከጠርዙ ርቆ ሊቆርጥ ይችላል። ለእያንዳንዱ መጋዝ የየራሱ ሀዲድ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ሲቀየር ሀዲዱ ይበላሻል?
መልስ፦ አዲሱ ዲስክ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው አይበላሽም። ወፍራም ዲስክ ከተገጠመ የመደቡን ጠርዝ በጥቂቱ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ቀጭኑ ዲስክ ሲመለስ በጠርዙና በቁርጡ መካከል ክፍተት ይፈጠራል።

ጥያቄ፦ በ45 ዲግሪ ለመቁረጥ ይኸው ሀዲድ ይሆናል?
መልስ፦ አይሆንም። ዲስኩ ሲያዘነብል መደቡን በሌላ መስመር ስለሚቆርጥ የቀጥታውን ሀዲድ ያበላሻል። ለ45 ዲግሪ ቁርጥ ሌላ ሀዲድ ተሠርቶ ትርፉ በዚያው ማዕዘን ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ ሀዲዱ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ ቁርጡ ለምን ይጣመማል?
መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ መጋዙ በጉዞ ላይ ከመሪ ዘንጉ በመራቁ፣ ሞርሳው በመላላቱ ወይም በጥጉ ሰጋቱራ በመከማቸቱ ነው። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በፊት ጥጉን በብሩሽ መጥረግና ሞርሳዎቹን መፈተሽ ይገባል። ዲስኩ ከደነዘዘም መጋዙ ስለሚገፋ ከመስመር ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሀዲዱ የት ይቀመጣል?
መልስ፦ በደረቅ ቦታ ደልዳላ ላይ ተኝቶ ወይም ጫፉ ተበስቶ በቁሙ ተሰቅሎ ይቀመጣል። ግድግዳ ላይ አዘንብሎ የሚቆም ሀዲድ በጊዜ ብዛት ይጎብጣል።

11. ተጨማሪ አገልግሎት

በእንጨት ሥራ ሙያ ሥልጠና ወይም የሙያ ብቃት ምዘና የሚፈልጉ ዜጎች በአቅራቢያቸው የሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋም ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ። በጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ለመደራጀት የሚሹ ደግሞ መረጃ የሚያገኙት ከሚኖሩበት ወረዳ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። የአደጋ መከላከያ ሳይቀርብለት እንዲሠራ የተገደደ ወይም በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ጉዳዩን የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ለሚያከናውነው የመንግሥት አካል ማመልከት ይችላል።

ማሳሰቢያ፦ አዲስ የተሠራ ሀዲድ ለደንበኛ ሥራ ከመዋሉ በፊት በትራፊ ሳንቃ ላይ መሞከር አለበት። የተቆረጡት ሁለት ጠርዞች አንዱ ተገልብጦ ሲገጣጠሙ በመካከላቸው ብርሃን ካልታየ ሀዲዱም ሆነ የዲስኩ ማዕዘን ትክክል ናቸው፤ ብርሃን ከታየ ግን ጉድለቱ ሳይታረም ሥራ መጀመር አይገባም።